እንግዳው ሊታረም መጣ

የሙዚቃ ኮሌጅ ያለበት አገር ሁሉ አንድ ወግ አለው። ትምህርት ሊከፈት ሲል የዓመቱ የኮንሰርት ፕሮግራም ይወጣል። በጥቅምት ከቪየና ፒያኖ ተጫዋች፣ በታኅሣሥ ከሞስኮ ቫዮሊን ተጫዋች፣ በየካቲት አራት ሆነው የሚመጡ ባለ ክር መሣሪያ ተጫዋቾች። ፎቷቸው በየግድግዳው ይለጠፋል፤ ሁሉም አገጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው፣ ብድር እንደተጠየቀ ሰው ሩቅ ሩቅ ያያሉ። እንግዳው በአውሮፕላን ይመጣል፣ ሆቴል ያርፋል፣ ሁለት ሰዓት ይጫወታል፣ እቅፍ አበባ ይቀበልና ይሄዳል። መምህሩም ተማሪውም ቆሞ ያጨበጭብለታል። መሐል ላይ አስቁሞ «ቆይ፣ ያቺን ነገር እስቲ ድገማት፤ ከየት ነው ያመጣሃት?» የሚለው አይገኝም። ቢገኝም ጥበቃ ይጠራበታል።

ከደብረ ታቦር በስተ ምሥራቅ፣ ከጉና ተራራ ወዲያ፣ ጋይንት ውስጥ ያለው ኮሌጅ ግን እንግዳ የሚቀበለው ሊያርመው ነው። ቤተ ልሔም ይባላል፤ የድጓ ምስክር ቤት ነው። ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የደረሰውን፣ የዓመቱን በዓልና ሰንበት ሁሉ ከነዜማው የያዘውን ድጓ፣ ሰው ሸዋም ይማረው፣ ጎጃምም፣ ላስታም፣ መጨረሻው እዚህ መጥቶ ማስመስከር ነው። ያላስመሰከረ ሰው ያውቃል ይባል ይሆናል እንጂ አስመስክሯል አይባልም፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ደግሞ በእግር ሲሄዱት ረጅም ነው።

ይህ እንግዳ ወደ ቤተ ልሔም ሲመጣ ልጅ አይደለም። ንባብ ቤት ጨርሷል፣ ዜማ ቤት ዓመታት ተቀምጧል፤ ባገሩ ደብር ሲገባ «መሪጌታ» እየተባለ ቦታ ይለቀቅለት የነበረም ሊሆን ይችላል። አሁን ትከሻው ላይ አኮፋዳ፣ እጁ ላይ ዱላ፣ ብብቱ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ መጽሐፍ ይዞ በእግሩ ከች ብሏል። በሩ ላይ ትኬት የሚቆርጠው ውሻ ነው። የገጠር ውሻ ተማሪን ከሌባ አይለይም፤ እንዲያውም ለሌባ እንደሚተኛና ለተማሪ እንደሚነሣ በየዜማ ቤቱ ይታማል። ባቱ ላይ ጠባሳ የሌለበትን ድጓ አዋቂ ካያችሁ ትምህርቱን ሳይሆን አስተዳደጉን ጠይቁ፤ የሀብታም ልጅ ይሆናል።

ስሙን የሚጠይቀው የለም። የሚጠየቀው አገሩን ነው፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ አገሩ ስሙ ሆኖ ይቀራል። ጎጃሜው፣ ወሎዬው፣ መንዜው። ከአንድ አገር ሁለት የመጡ እንደሆነ ትልቁ መንዜና ትንሹ መንዜ ይባላሉ። ሦስተኛ ከመጣ መልኩ ይታይና የሚስማማው ይወጣለታል፤ ያንን እዚህ አለመጻፍ ይሻላል።

በነጋታው የኔታ ፊት ይቀርባል። የኔታ ደጃፋቸው ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ፀሐይ ይሞቃሉ። በየዜማ ቤቱ ከሚተረኩት የኔታዎች ብዙዎቹ ዓይናቸው ብርሃን ያጣ ነው፤ የእኛውም እንደዚያ ይሁኑ።

«ከወዴት ነህ?»

«ከመንዝ ነኝ፣ የኔታ።»

«ድጓ ስንት ጊዜ ዘለቅህ?»

«ሁለት ጊዜ ዘልቄአለሁ፣ የኔታ።»

«እሰይ! እንግዲያው ከዮሐንስ ጀምር።»

ዮሐንስ የድጓው መክፈቻ ነው፤ የመስከረም አንዱ። ሁለት ጊዜ የዘለቀው ሰው ከመጀመሪያው ገጽ ይጀምራል ማለት ነው። እንግዳው ጉሮሮውን ይጠራርጋል። መንገድ ለመንገድ ሲያንጎራጉራት የመጣት፣ ገደሉ ሳይቀር ተቀብሎ የመለሰለት ዜማ ናት። ይጀምራል። ሁለት ቃል አልዘለቀም።

«ቆይ። ያቺን ድፋት የት ጣልካት?»

«አለች፣ የኔታ። መጽሐፉ ላይ አለች።»

«መጽሐፉ ላይ ካለችማ መጽሐፉ ያዚማት። አንተ ዘንድ ግን የለችም።»

መጽሐፉን የገለጠው ጎልማሳ ነው፤ የማያዩት ሽማግሌ ናቸው። በቀይና በጥቁር ቀለም መካከል፣ ከአንዲት ፊደል ራስ ላይ የተቀመጠችውን የጤፍ ቅንጣት የምታህል ምልክት ግን ያዩዋት እሳቸው ናቸው። እንግዳው ይደግማል። አሁንም «ቆይ» ይባላል። በሦስተኛው የኔታ ራሳቸው ያሰሙታል። ጥርስ ከለቀቀው ከዚያ አፍ የሚወጣውን ሲሰማ መንዜው የሚሰማውን እኔ አልነግራችሁም፤ አጠገቡ የተቀመጡት ጎጃሜና ወሎዬ ግን አንገታቸውን ደፍተው ይስቃሉ። ባለፈው ዓመት እነሱም እንደዚሁ ተስቆባቸዋል።

አዲስ አበባ ውስጥ ኮንሰርት ሲቀርብ በማግሥቱ ጋዜጣ ላይ «ዝግጅቱ የተዋጣ ነበር» ተብሎ ይጻፋል። ጸሐፊው ሁለተኛው ክፍል ላይ ተኝቶ እንደነበር ከጎኑ የተቀመጥን እናውቃለን። ቤተ ልሔም ሒስ ለማግሥቱ አያሳድርም። እንዲያውም ዜማው እስኪያልቅም አይጠብቅም።

ይህ ሁሉ ጭካኔ ያለ ምክንያት አይደለም። ዜማ ካፍ ወደ ጆሮ፣ ከጆሮ ወደ አፍ ሲሻገር በየወንዙ ትንሽ ትንሽ ይንሸራተታል። አንዱ መምህር ድምፁ ስለሰለለ ዝቅ ያደረጋትን፣ ተማሪው እውነት መስሎት ዝቅ አድርጎ ይይዛታል፤ የተማሪው ተማሪ ደግሞ ጭራሽ ይቀብራታል። ከመቶ ዓመት በኋላ ሰውየው ጉንፋን ይዞት የነበረበት ቀን የዜማ ሥርዓት ሆኖ ቁጭ ይላል። ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ ሁሉም መጥቶ የሚለካበት ሚዛን ያስፈልጋል። የቆማ፣ የአጫብር፣ የተጉለት የሚባሉ ሌሎች ስልቶች አሉ፤ ባለቤቶቻቸው ይህን ቢያነቡ «ሚዛኑን ማን ለእነሱ ሰጣቸው?» ብለው መቋሚያቸውን እንደሚያነሡ አውቃለሁ። መቋሚያ ደግሞ ሲያነሡት ረጅም ነው። ስለዚህ በዚህ አልገፋበትም፤ በአገሪቱ አብዛኛው ደብር የሚሰማው የቤተ ልሔም መሆኑን ብቻ ተናግሬ ልለፍ።

እንግዳ የመቀበሉ ልማድ ከሥሩ ጀምሮ ያለ ነው። በትውፊታችን መሠረት የዚህ ዜማ የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ሦስት ወፎች ነበሩ። ያሬድ ልጅ ሳለ ትምህርት አልገባው ብሎ ከመምህሩ ከአባ ጌዴዎን ጅራፍ ሸሽቶ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ፣ እየወደቀ እየተነሣ ግንዱን የሚወጣውን ትል አይቶ ተመለሰ፤ ከዚያ ወፎቹ መጡና ወደ ላይ ወሰዱት፤ ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉትን ዜማዎች ይዞ ወረደ። በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም የንጉሡ ጦር እግሩ ላይ ተተክሎ ሳለ ሁለቱም አልሰሙም ይባላል። የዛሬ አድማጭ የጎረቤቱ ስልክ ጮኸብኝ ብሎ ሲቆጣ ሳይ ሁልጊዜ ያ ጦር ትዝ ይለኛል።

የኮሌጁ ሌሎች ክፍሎች ደግሞ በአንድ ግቢ አይደሉም። ድጓን ቤተ ልሔም ያስመሰከረ ሰው ዝማሬ መዋሥዕት ካሰኘው እዚያው ጋይንት ዙር አምባ ይወጣል፤ አቋቋም ካሰኘው ጎንደር በዓታ፤ ቅኔ ካሰኘው ዋሸራ ወይም ዋድላ፤ ቅዳሴ ካሰኘው ሰላልኩላ ወይም ትግራይ ደብረ ዓባይ። ፈረንጅ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ለመሄድ ኮሪደር ያቋርጣል፤ የእኛው ተከዜን ያቋርጣል። ኮሪደሩ ውስጥ ደግሞ አዞ የለም።

ፕሮግራሙንማ ተዉት። ታትሞ አይለጠፍ እንጂ ከዓለም ፕሮግራሞች ሁሉ የማይዛነፍ ነው። ከመስከረም ዮሐንስ፣ ቀጥሎ አስተምህሮ፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ የራሱ ጾመ ድጓ፣ ከትንሣኤ ወዲህ ፋሲካ። ዘንድሮም ያው ነው፣ አምናም ያው ነበር፣ ለከርሞም ያው ነው፤ «ይህንንማ ሰምተነዋል» ብሎ ገንዘቡን የሚያስመልስ አድማጭ ግን ታይቶ አይታወቅም። በተለይ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 የጽጌው ወቅት አለ። አባ ጽጌ ድንግል የደረሰው ማኅሌተ ጽጌ በየሳምንቱ ቅዳሜ ለእሑድ ሌሊት ይቆማል። ይቆማል ማለቴ በእውነት ይቆማል። ቪየና አድማጩ ተቀምጦ ሁለት ሰዓት ይታገሣል፤ እዚህ ባለ ዜማውም አድማጩም ሌሊቱን በእግሩ ነው። ወንበር የለም፤ መቋሚያ አለ።

መቋሚያ የተባለው ዕቃ ሥራው ብዙ ነው። ይደገፉታል፣ ያወዛውዙታል፣ ዜማውን ይመትሩበታል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ደግሞ ይተኙበታል። ልምድ ያለው ደብተራ አገጩን መቋሚያው ራስ ላይ አሳርፎ ሲያንቀላፋ ማንም አያውቅበትም፤ ዝማሜው ሲመጣ ሰውነቱ ከወንድሞቹ ጋር ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ወደ ግራ ይመለሳል፤ አንዲት ምት አትስተውም። የሚያሳጣው ከበሮው ነው። ከበሮው ከፍ ሲል ሁሉም ይሸበሽባል፤ እሱ ግን ድንገት ደንግጦ ከሌሎቹ ይልቅ በኃይል ይሸበሽባል። በማኅሌት ከሁሉ በላይ የጋለውን ሰው ስታዩ አሁን የነቃ መሆኑን ጠርጥሩ።

ጭብጨባም አለ። ያልለመደ ሰው ፈረንጅ ኮንሰርት ሄዶ የት ላይ እንደሚያጨበጭብ ሳያውቅ ይጨነቃል፤ ዜማው ያለቀ መስሎት መዳፉን ያነሣና ከፊቱ ያሉት ሴትዮ ዞረው ያዩታል። ክፍሉ ነው እንጂ ሙዚቃው አላለቀም ኖሯል። በማኅሌት ይህ ጭንቀት የለም። ጭብጨባው በወረቡ ውስጥ አለ፤ የሚያጨበጭቡትም ባለ ዜማዎቹ ራሳቸው ናቸው። አድማጭ የሚጠበቅበት እልልታ ነው፤ እሱንም እናቶች ያውቁበታል።

ወደዚያች የጤፍ ቅንጣት ልመለስ። ምልክቶቹን የሠሩት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559 እ.ኤ.አ.) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው። በጦርነት መጻሕፍት ተቃጥለው ሊቃውንት ባለቁበት ዘመን፣ ዜማው ከሰው ጋር አብሮ እንዳይቀበር ብለው። (ሹመኛ ምልክት የሚያወጣበት ዘመን ነበረ፤ ዛሬ ሰርኩላር ያወጣል።) ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ፤ እነዚህ ስምንቱ ናቸው፤ ድርስና አንብር ሲጨመሩ ዐሥር ይሆናሉ። ከእነሱ ሌላ ከቃል ላይ የተቆረጡ ትንንሽ ፊደላት በየመስመሩ ራስ ላይ ይሰፍራሉ፤ ብዛታቸው በመቶዎች ይቆጠራል። ተንኮላቸው እዚህ ላይ ነው። የአውሮፓ ኖታ ዜማውን ለማያውቀው ሰው ይነግረዋል። የእኛው የሚነግረው ለሚያውቀው ብቻ ነው፤ ያቺ ፊደል «በዚያ በዓል፣ በዚያ ቃል ላይ እንዳዜምከው አድርገህ አዚመው» ትላለች። ያንን በዓል የማታውቅ ከሆነ ፊደሏ ዝም ትልሃለች። እንግዲህ ሌባ መጽሐፉን ቢሰርቅ ዜማውን አላገኘም ማለት ነው።

ናፖሊዮን በ1798 (እ.ኤ.አ.) ግብፅን በወረረ ጊዜ አብሮት የሄደ ቪሎቶ የሚባል የሙዚቃ ሊቅ ነበር። ካይሮ ውስጥ ያገኛቸውን የእኛን ካህናት እያስዜመ በአምስት መስመር ላይ ሊጽፋቸው ሞከረ። ትልቅ ሥራ ነው፤ ዛሬም ተመራማሪዎች ይጠቅሱታል። እኔ የማስበው ግን ካህናቱን ነው። ከአገራቸው ለጸሎት ወጥተው፣ የጦር ሠራዊት ከሞላበት ከተማ አንድ ፈረንጅ ፊት ተቀምጠው፣ ርክርኳን ባሰሟት ቁጥር «እንደገና» የሚባሉት። ቤተ ልሔም ያለፈ ሰው ከነበረባቸው ነገሩ አዲስ አልሆነበትም።

ግልባጩንስ አስባችሁት ታውቃላችሁ? ከቪየናው ፒያኖ ተጫዋች ይልቅ ፒያኖው ራሱ እንግዳ ሆኖ ቤተ ልሔም ቢመጣ? እኔ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። በአይሱዙ ተጭኖ በባሕር ዳር፣ በወረታ፣ በደብረ ታቦር በኩል ይመጣል፤ መኪና መንገዱ ያለቀበት ቦታ ላይ ጎልማሶች ይሸከሙታል። ከሩቅ ያዩት እናቶች ወፍጮ መጣልን ብለው እልልታውን ያቀልጡታል። ወፍጮ እንዳልሆነ ሲነገራቸው እልልታው በቅጽበት ያቆማል፤ አንዷም «ታዲያ ይሄን ሁሉ ምን አሸከማችሁ?» ትላለች። ከዚያ የኔታ ደጃፍ ይደርሳል። የኔታ እጃቸውን ዘርግተው ይዳብሱታል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ፒያኖ ነው፣ የኔታ። ዜማ ያሰማል።»

«ደረት አለው?»

ተጫዋቹ በግራ እጁ ወፍራሞቹን ድምፆች ይነካል። የኔታ ጆሯቸውን ያስጠጋሉ።

«ይሄ ሆድ ነው እንጂ ደረት አይደለም። ቁርጥስ?»

አንዷን ነክቶ ይለቃታል።

«ይችላል። ጎሽ። ርክርክስ?»

ሁለት አጠገብ ላጠገብ ያሉ ድምፆችን ቶሎ ቶሎ ያፈራርቃል። የኔታ ጥቂት ያስባሉ።

«ይንቀጠቀጣል እንጂ አይርከረከርም። በርዶት ይሆናል፤ ጋቢ አልብሱት። ሂደትስ ያውቃል?»

ተጫዋቹ የቀረውን ክብሩን ሰብስቦ ጣቱን ከዳር እስከ ዳር ያስሮጠዋል።

«ደረጃ እየዘለለ ነው የሚሄደው፤ በመሐል ያለውን ድምፅ ምን በላው?»

ፒያኖ እዚህ ላይ መልስ የለውም። በሁለት ቁልፎቹ መካከል ያለው ነገር እንጨት ነው። ያሬዳዊው ዜማ ደግሞ ግማሽ ኑሮው እዚያ መካከል ነው። የኔታ ግን ተስፋ ቆርጠው እንግዳ የሚመልሱ ሰው አይደሉም።

«በሉ ግድ የለም፤ ጎጆ ስጡት። ከዮሐንስ ይጀምር።»

ይህ የእኔ ቅዠት ነው። ፒያኖ ለቆሎ ተማሪ የደረሰበት እውነተኛ ታሪክ ግን አለ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ የተማሩ፣ ካይሮ ላይ ቫዮሊን ያጠኑ፣ ኋላ ሁሉንም ትተው በግሸን ማርያም የመነኮሱ ፒያኖ ተጫዋች ነበሩ። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጎንደር ተቀምጠው የያሬድን ዜማ ሲያጠኑ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመላለሱ በየደጀ ሰላሙ የሚያድሩትን፣ ቀን ለምነው ሌት የሚያጠኑትን ተማሪዎች አዩ። የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ያላቸው ፒያኖ ነበር። በ1967 (እ.ኤ.አ.) ጀርመን አገር የታተመው የመጀመሪያው ሸክላቸው ገቢ ለችግረኛ ተማሪዎች መርጃ ሆነ። ዛሬ ያንን ሸክላ ፓሪስና ኒው ዮርክ በውድ ዋጋ እየገዛ በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማው ወጣት፣ ሙዚቃው መጀመሪያ የተላከው ለኩርማን እንጀራ መሆኑን ሁልጊዜ አያውቅም። እማሆይ በ2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ውስጥ አረፉ፤ ዕድሜያቸው ወደ መቶ ተጠግቶ ነበር።

አዲስ አበባ ያለው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም ስሙን ከቅዱሱ ወስዶ ጥሩውን ክፍል ለፒያኖ ሰጥቷል ብዬ ልቀልድ ነበር፤ ግን ክራርና ማሲንቆም ስለሚያስተምር ቀልዴ ሙሉ አይሆንም። የመጀመሪያው ዳይሬክተሩ አሸናፊ ከበደ አሜሪካ ሮቼስተር ተምሮ የመጣ ሰው ነበር። ግርማ ይፍራሸዋ ደግሞ ከዚያ ትምህርት ቤት ተነሥቶ ሶፊያ ቡልጋሪያ ድረስ ሄዶ ፒያኖ አጥንቷል። እነዚህም ባገራቸው የሚያውቁትን ይዘው ሌላ አገር ሊታረሙ የሄዱ ናቸው፤ ልዩነቱ ውሻው ብቻ ነው።

ስለ ኩርማን ካነሣሁ ዘንድ፣ የቤተ ልሔምን ኮሌጅ በጀት ማን እንደሚይዘው ልናገር። ውጭ አገር የኮንሰርቱ ወረቀት ጀርባ ላይ የለጋሾች ስም በትልልቅ ፊደል ይታተማል፤ የባንክ፣ የቢራ፣ የመድን። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ይህን ወረቀት እናትም ብንል ወረቀቱ አይበቃንም። በየቀኑ ማታ ማታ ምጣድ ጥዳ፣ ከልጆቿ ሞሰብ ላይ ቀንሳ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ላለው ሁሉ ስትቆርስ የኖረች ሴት ስም ሁሉ መግባት አለበት። ገብስ በሆነ ዓመት የገብስ፣ ድርቅ በሆነ ዓመት የባቄላ ንፍሮ። ያቺ ሴት ድጓ አልተማረችም። ግን በልጅነቷ እናቷ ቤት፣ ካገባች በኋላ በባሏ ቤት፣ ጧት ማታ ከበሯ ላይ ዜማ ሰምታ ያደገች ናትና ጆሮዋ አይቀለድበትም። አዲስ የመጣ ተማሪ በዘፈቀደ የጮኸባት እንደሆነ ቁራሹን ትሰጠዋለች፤ ትንሿን ግን። ድምፀ መረዋው ሲመጣ ወጥ ትጨምርበታለች። በቤተ ልሔም ከየኔታ ቀጥሎ ያለው ፈታኝ ምጣድ ዳር ነው።

ቤተ ልሔምን ራሷን ፈረንጅ «ያገኛት» በ1955 (እ.ኤ.አ.) ነው። ቶማስ ፓክንሃም የሚባል ወጣት፣ በክብ የሣር ጣራ ሥር የተሰወረውን የጥንቱን ቤተ ክርስቲያን አየና ተደንቆ በ1959 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፉ ለዓለም አስተዋወቀው። መቼም ፈረንጅ ሲያገኝ አንጀቱ ነው፤ አባይንም ያገኙት አጠገቡ ቆሞ በቅሎ የሚያጠጣ ሰው እያለ ነው። የጥንቱን ሕንፃ ማሳወቁ ግን መልካም ሥራ ነበር፤ ብቻ ቤቱን ላገኘው ሰው ቤቱ ውስጥ የሚያድረውን ድምፅ ለመስማት ሌሊቱን መቆም ያስፈልገው ነበር።

አሁን አሁን ተማሪውም ስልክ ይዟል። የኔታ ሲያዜሙ ይቀዳል፤ ጎጆው ገብቶ እየመላለሰ ይሰማል። ይህን ክፉ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልልም። አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤልም በጊዜያቸው «እንዲህ ከተጻፈማ ማን ያጠናል?» የሚላቸው ሽማግሌ አይጠፋም ነበር። ጉድለቱ ስልኩ «ቆይ» አለማለቱ ነው። አንድ ተማሪ ትምህርቱ ሲጠየቅ ተደናቅፎ፣ «ቀድቼዋለሁ እኮ፣ የኔታ» ቢል፣ «እንኳን ደስ ያለው፤ እሱ ተማረ። አንተስ?» አሉት ሲባል ሰምቻለሁ።

አስመስክሮ የሚወጣው ሰው ዕድሜው ጎልምሷል። ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣ ድጓውን ከነምልክቱ በገዛ እጁ ጽፎ የሚወጣም አለ፤ ለአንድ መጽሐፍ የሚያልቀው ፍየል አንድ መንደር ያሠርጋል። ከዚያ እንደ ዕድሉ በየደብሩ ይበተናል።

ከእንዲህ ዓይነቶቹ አንዱ ከተማ ገብቶ፣ ስሙን በማልጠቅሰው መሥሪያ ቤት አንድ ፎርም ሊሞላ ተሰለፈ። ጸሐፊው ልጅ ጠየቀው።

«የትምህርት ደረጃ?»

«ድጓ አስመስክሬአለሁ።»

«እሱ እዚህ የለም፣ አባቴ። ስምንተኛ ነው፣ ዐሥረኛ ነው፣ ዐሥራ ሁለተኛ ነው፣ ዲፕሎማ ነው?»

«አይደለም።»

«ስንት ዓመት ተማሩ?»

ነገረው። ልጁ ብዕሩን አስቀምጦ ቀና ብሎ አየው፤ የደገመ ተማሪ ያየ መሰለው። አዘነለትና ከሁሉ ግርጌ ያለውን መስመር መረጠ፤ በእጁም «ማንበብና መፃፍ የሚችል» ብሎ ጻፈበት። ሰውየው ወረቀቱን ወደ ራሱ ዞር አድርጎ አነበበው።

«ቆይ» አለ። «ብዕርህን እስቲ አውሰኝ።»

ፀሐዩን ፀ ሰረዘና ከላዩ ላይ፣ ከመስመሩ ራስ፣ የጤፍ ቅንጣት በምታህል ቁም ጽሕፈት ጸሎቱን ጸ አሰፈረበት።